የጦርነት ቁልፍ የሌለው ዓለም

ኔሽንስቴትስ በሚባለው የኦንላይን ጌም ላይ ጦርነት የሚያስጀምር ቁልፍ የለም። ታንክ አይመረትም፣ ድንበር አይጣስም፣ ከተማ አይቃጠልም። ይህን ስነግረው አንድ ጓደኛዬ፣ "ታዲያ ምኑን ነው የምትጫወቱት?" አለኝ። እውነቱን ነው። የእኛ ዋና ሥራ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ኤምባሲ እንከፍታለን፣ ኤምባሲ እንዘጋለን፣ ውል እንፈራረማለን፣ ውል ፈረሰ ብለን እንካሰሳለን። ሰው ሳይከፈለው ሊሠራው የሚችለው በጣም አሰልቺ ሥራ ይመስላል። ግን ጌሙ 20 ዓመት አልፎታል፤ ከተከፈተ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አገሮች ተፈጥረውበታል፤ እኔም የአንዲት ትንሽ ቀጠና አምባሳደር፣ ቆይቼም ተወካይ ሆኜ ጥቂት ዓመታት ኖሬበታለሁ። እዚህ የምገመግመው ግን እንደ ተጫዋች ሳይሆን እንደ አንባቢ ነው። ይህ ጌም ከምንም በላይ የሚያመርተው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ይገመገማል። (ከዚህ በታች "ዓ.ም." ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።)

የሠራው ሰው ማክስ ባሪ ይባላል፤ አውስትራሊያዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። ድረ ገጹን በኖቬምበር 2002 የከፈተው ከጥቂት ወራት በኋላ የሚወጣውን "ጄኒፈር ጋቨርንመንት" የተሰኘ ልብ ወለዱን ለማስተዋወቅ ነበር። በመጽሐፉ ዓለም ሰዎች የሚሠሩበትን ድርጅት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዛሉ፤ ርዕሱም ከዚያ የመጣ ነው። ማስታወቂያ ሆኖ የተወለደው ጌም ዛሬ ከመጽሐፉ የበለጠ ሰው ያውቀዋል። ለአንድ ደራሲ ደስ የሚል ነገር ይሁን የሚያናድድ እኔንጃ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ለአገራችሁ ስም፣ መፈክር፣ ብሔራዊ እንስሳና ገንዘብ ትመርጣላችሁ (የእኔ እንስሳ ቀይ ቀበሮ፣ ገንዘቤ አሞሌ ነበር)። ከዚያ በየቀኑ ጥቂት "ጉዳዮች" ጠረጴዛችሁ ላይ ይቀርባሉ። አማካሪዎች ይሟገታሉ፣ እናንተ ትወስናላችሁ፣ የሕዝባችሁ ነፃነትና ኢኮኖሚ ከፍና ዝቅ ይላል። ቀልዱ መጀመሪያ ላይ ያስቃል። ሦስት ወር ስትቆዩ ግን ቀመሩ ይገባችኋል፤ እያንዳንዱ አማካሪ የሆነ ጽንፍ ይዞ ይመጣል፣ ግራም ብትሉ ቀኝም ብትሉ መጨረሻው ገደል ነው። ለዘብ ያለ ሰው እንኳ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው "ያበደ አምባገነን" ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ሹፈቱ ፖለቲካን ሁሉ እኩል ያፌዝበታልና መጨረሻ ላይ ማንንም አይነካም። እዚህ ላይ ከባሪ አድናቂዎች ጋር እለያያለሁ፤ በዚህ ጌም ውስጥ ካሉት ጽሑፎች ደካማው በጌሙ ስም የቀረበው ነው። ጥሩው የተጻፈው በጎን ነው፣ በተጫዋቾች፣ ማንም ጻፉ ሳይላቸው።

ለምን እንደተጻፈ ለመረዳት ግን የሥልጣኑን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

አገሮቹ የሚሰባሰቡበትን ቦታ በእንግሊዝኛ "ሪጅን" ይሉታል። በአማርኛ "ክልል" ልለው አስቤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቃሉ እዚህ አገር ስንት ነገር ተሸክሞ እንደሚዞር ታውቃላችሁ፤ ሌላ ሸክም አልጨምርበትም። ቀጠና እላለሁ። በአንድ ቀጠና ውስጥ የዓለም ጉባኤ አባል የሆኑ አገሮች እርስ በርስ ድጋፍ ይሰጣጣሉ፤ ብዙ ድጋፍ የሰበሰበው ተወካይ ይሆናል። ተወካዩ በጉባኤው ድምፅ ሲሰጥ የደገፉትን ሁሉ ድምፅ ይዞ ነው። እንደ ቀጠናው ደንብ ደግሞ ሰው ማባረር፣ በሩን በይለፍ ቃል መቆለፍ፣ ኤምባሲ መዝጋት ሁሉ ይችላል። አንድ ተጫዋች የፈለገውን ያህል አገር መፍጠር ይፈቀድለታል፤ የጉባኤ አባል የሚሆንለት ግን አንዱ ብቻ ነው። ይህችን ሕግ ያዙልኝ።

ድጋፍ የሚቆጠረው በቀን ሁለቴ ነው። በእኛ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ማታም በተመሳሳይ ሰዓት ይደገማል። ቤተሰብ የ2 ሰዓት ዜና ሊያይ ሲሰበሰብ እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ የማላውቃቸውን አገሮች መግባትና መውጣት እቆጥር ነበር ማለት ነው። ምክንያቱም "ወራሪ" የሚባሉ ተጫዋቾች አሉ። ቆጠራው ወደ ቀጠናችሁ ሊደርስ ሰከንዶች ሲቀሩት ግር ብለው ይገባሉ፣ ከመካከላቸው አንዱን ሁሉም ይደግፉታል፣ ቆጠራው ያልፋል። ባለቤቶቹ ገጹን ሲከፍቱ ቤቱ የሌላ ሰው ነው። ባንዲራው ተቀይሯል፣ ነባሮቹ እየተባረሩ ነው። መሥራቹ በሕይወት ያለ ቀጠና ቶሎ ይመለሳል፤ መሥራቹ ጌሙን ትቶ የሄደበት ግን በር የሌለው ቤት ነው። እነዚህን ለማስጣል በተመሳሳይ ሰከንድ የሚገቡ "ተከላካዮች"ም አሉ። ይህን ሁሉ ባሪ አላሰበውም። እሱ የሠራው የድጋፍ ቁልፍና የመዛወሪያ ቁልፍ ነው። ወረራን የፈለሰፉት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ወረራ ስላለም ወዳጅ ያስፈልጋል፤ ወዳጅ ለማፍራት ደግሞ መጻፍ።

ኤምባሲ የሚከፈተው እንዲህ ነው። አንዱ ቀጠና ይጠይቃል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ "ግንባታው" 3 ቀን ይፈጃል። የሚገነባ ነገር የለም፤ ጡብም ሲሚንቶም የለም፤ ሁለት ስሞች በሁለት ገጾች ላይ መጻፋቸው ነው። ግን 3 ቀን ትጠብቃላችሁ። እኔ ከጌሙ ንድፍ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። በ3 ቀን ውስጥ አንዱ ወገን ሊጸጸት፣ ሌላው የተጠየቀውን ሰው ማንነት ሊያጣራ፣ ሦስተኛው ደግሞ "ከእነሱ ጋር ነው እንዴ የምትወዳጁት?" ብሎ ሊያኮርፍ ይችላል። ዲፕሎማሲ የሚባለው ነገር የሚሠራው በዚያች መዘግየት ውስጥ ነው።

ይህን ጥበብ ያበላሹት ኤምባሲ ሰብሳቢዎቹ ናቸው። አገሩ ዐሥር ሰው የማይሞላ ቀጠና የኤምባሲው ዝርዝር ግን ሲወርድ ሲወርድ አያልቅም። ማንም ማንንም አያናግርም። ሠርግ ቤት ካርድ እንደሚበተነው ነው፣ የደረሰው ሁሉ ይመጣል ተብሎ አይጠበቅም። ከእነዚህ ቀጠናዎች የሚላከው "የውጭ ጉዳይ መግለጫ"ም ያው ነው፤ ሰላምታ፣ የአዲስ ባለሥልጣናት ስም ዝርዝር፣ ምርጫው በሰላም መጠናቀቁ፣ "ግንኙነታችን ይበልጥ እንዲጠናከር" የሚል ምኞት። የትኛውም ቀጠና የላከው ቢሆን ስሙን ብትቀይሩት ልዩነት የለውም። ወጣቶች ናቸው፣ ነፃነቱ አላቸው፣ የሚያዛቸው ሚኒስትር የለም፤ ታዲያ ለምንድን ነው ሁሉም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የሆነው? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። አሁን የሚመስለኝ፣ አሰልቺው ቋንቋ ራሱ ጨዋታው ነው። በ17 ዓመቱ "ክቡርነትዎ" ተብሎ መጠራት የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

ጥሩ የሚጽፉት ግን ወዲያው ይታወቃሉ። ጥሩ አምባሳደር ዜናውን ነግሯችሁ አይሄድም፤ እናንተ ባለፈው ሳምንት ያላችሁትን አንብቦ፣ ከውስጡ አንድ ነገር አንሥቶ ነው የሚመልስ። የሚነቅፍ ከሆነ በአደባባይ አይጀምርም፤ መጀመሪያ በግል ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል፣ በአደባባይ ሲጽፍ ደግሞ በግል ካለው አንድ ቃል አይጨምርም። እንዲህ ዓይነት ሰዎች አጋጥመውኛል። ከመካከላቸው አንዱ ማኒላ የሚኖር ተማሪ ነበር፤ የእንግሊዝኛው ሰዋስው ከእኔም የባሰ ነበር፤ ግን እሱ የጻፈውን ደብዳቤ ሁለቴ ሳያነብ የሚመልስ አልነበረም።

ከደብዳቤ ቀጥሎ ያለው ዘውግ ውል ነው፤ የውል ሊቃውንት ደግሞ ከኔሽንስቴትስ ይልቅ ሳይበር ኔሽንስ ላይ ነው የሚገኙት። ይህ በ2006 መጀመሪያ የተከፈተ ሌላ ጌም ነው። እዚያ የጦርነት ቁልፍ አለ፤ ኑክሌርም አለ። ስለዚህ ተጫዋቾቹ በ"ኅብረት" ተሰባስበው ውልን እንደ ሳይንስ አዳበሩት። ጥቃት አላደርስብህም የሚል ውል አለ። ሰላም፣ መረጃና ርዳታ እንለዋወጥ የሚል አለ። ብትነካ መከላከል ግዴታዬ ነው የሚል አለ። ብትነካ መከላከል እችላለሁ፣ ካልፈለግሁ ግን አትቀየመኝ የሚል አለ። ስታጠቃም አብሬህ እዘምታለሁ እስከሚለው ድረስ። እያንዳንዱ የራሱ ምሕጻረ ቃል አለው፤ ጠቅላላውን ግንኙነት በመሥመር የሚያሳይ ሥዕል ሲሠራ የሸረሪት ድር ይመስላል፤ ስሙም "የውል ድር" ነው።

በዚህ ድር ውስጥ በጣም የማደንቀው "የማይሰንሰል" አንቀጽ የሚባለውን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ካንተ ጋር የመከላከል ውል አለኝ። አንተ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር አለህ። ያ ሰው ተነካ፣ አንተ ልታግዘው ገባህ፣ በዚህ ምክንያት ተመታህ። እኔ ልገባ ይገባኛል? አንቀጹ ከሌለ አዎ፤ ያኔ የማላውቀው ሰው ጠብ ቤቴ ገባ ማለት ነው። አንቀጹ ካለ ግዴታ የለብኝም። ይህን የጻፉት የሕግ ምሩቃን አይደሉም፤ አብዛኞቹ ሃይስኩል የሚማሩ ልጆች ነበሩ፤ ግን በ1914 አውሮፓን ጠልፎ የጣለውን ነገር በራሳቸው ቆዳ ላይ አይተው ያበጁት መፍትሔ ነው።

እርግጥ መፍትሔው ሁልጊዜ አላዳናቸውም። በ2009 ኒው ፓሲፊክ ኦርደር የተባለው ኃያል ኅብረት ኦርዶ ቬርዴ የተባለን አነስተኛ ኅብረት በስለላ ከሶ ጦርነት ከፈተበት። ብዙዎች ክሱን ሰበብ ነው አሉ። ድሩ ተጎተተ፤ ለዓመታት ቂም የያዙ ሁሉ ተነሡ፤ "የካርማ ጦርነት" የሚባለው ያ ነው፤ ኃያሉ ተሸነፈ። በዚያን ጊዜ የተጻፉት ክርክሮች ከጦርነቱ ይበልጥ አስደናቂ ናቸው። የትኛው አንቀጽ ማንን ያስገድዳል፣ "ጥቃት" ማለት ምን ማለት ነው፣ ንግግር ላይ እያሉ ጦር ማወጅ ይፈቀዳል ወይ። እንዲህ የሚከራከሩትን "የኢንተርኔት ጠበቃ" እያሉ ያሾፉባቸዋል። እኔ ላሾፍባቸው አልችልም። የውጫሌ ልጅ ነኛ!

ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይችላሉ የሚል ነበር፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተተረጎመ። "ይችላሉ" እና "ይገባቸዋል"። በሁለቱ መካከል አድዋ አለ። ክፍል ውስጥ ስማር ይህ የተንኮል ታሪክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የአማራጭ ውልና የግዴታ ውል ልዩነት ላይ ሌሊት ሙሉ የሚሟገቱ ልጆችን ካነበብኩ በኋላ ግን የረዳት ግስ ታሪክም እንደሆነ ገባኝ። አንድን መንግሥት ነፃ ወይም ጥገኛ የሚያደርገው አንዳንዴ የዓረፍተ ነገሩ የመጨረሻ ቃል ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ግሱ ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ እስከዚያ ድረስ ምን እንደፈረማችሁ አታውቁም።

የእኛ ቀጠና የነበራት ብቸኛ ከባድ ውል አማራጭ ነበር። የማኒላው ልጅ አምባሳደር ከሆነለት የተከላካዮች ቀጠና ጋር የተፈረመ፤ አራተኛው አንቀጽ፣ አንደኛው ወገን አደጋ ላይ ሲወድቅ ሌላው ሊረዳው "ይችላል" ይላል። ከእኛ ሰዎች አንዱ፣ "ይሄማ ባዶ ወረቀት ነው" ብሎ ተቃውሞ ነበር። መሥራቻችን ጌሙን ትቶ ሄዷል፤ ተወካይ እኔ ነኝ፤ የደገፉኝ 9 አገሮች ናቸው። በር የሌለው ቤት ያልኳችሁ እኛው ነበርን።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት ተዘጋ። በዚያን ሰሞን አገሩ ላይ የነበረው ሐዘንና ፍርሃት ከጌም ጋር አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚገባ አይደለም፤ እኔም ስለ ቀይ ቀበሮዬ ያሰብኩት መቼ እንደሆነ እንጃ። ግን ሒሳቡ ይህ ነው። ጌሙ 28 ቀን ያልገባበትን አገር ይሰርዛል። ኢንተርኔቱ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ቀጠናችን ተወካዩ የማይናገርባት፣ ገቢ ወጪውን የሚያይ የሌለባት፣ ወራሪ ከመጣ የሚያባርረው የሌለባት ቦታ ነበረች። ወራሪዎች እንዲህ ዓይነት ቤት ፈልገው ነው የሚውሉት።

ስመለስ የደገፉኝ 20 ሆነዋል። የማኒላው ልጅ ዝምታችንን አይቶ፣ ዜና አንብቦ፣ አለቆቹን አሳምኖ 11 አገሮች ልኮ ነበር። አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ሕግ አምጧት፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የጉባኤ አባል የሆነ አገር አንድ ብቻ ነው ያለው። እሱን የእኛ ደጃፍ ላይ ማቆም ማለት ለሦስት ሳምንት ሌላ ቦታ አለመዝመት፣ የራስን ቀጠና ተወካይ አለመደገፍ ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። 11 ሰው በ9 ሰው ቤት ገብቶ ከራሱ አንዱን ቢደግፍ ኖሮ ቀጠናው የእነሱ ነበር። ጠባቂና ወራሪ በዚህ ጌም ላይ በቆጠራ አይለዩም፤ የሚጫኑት ቁልፍ አንድ ነው። የሚለያቸው ቀደም ብሎ የተጻፈው ነገር ነው። ቤት የቀሩት ሁለት አባሎቻችን፣ አንዷ ናይሮቢ ሌላው ቶሮንቶ፣ እነዚያን 11 አገሮች ያላባረሩት የልጁን የሁለት ዓመት ደብዳቤዎች ስላነበቡ ነው። እኔ ስለ ዲፕሎማሲያዊ ጽሑፍ ጥራት ስናገር የማስበው ይህን ነው እንጂ ስለ ቃላት ማማር አይደለም።

ኔሽንስቴትስ ላይ ከውል የባሰ ራስ ምታት የሚሰጠው ደግሞ የእውቅና ጉዳይ ነው። በ2003 ፍራንኮስ ስፔን የተባለ ተጫዋች ፓሲፊክ የተባለውን ግዙፍ ቀጠና ሥልጣን ይዞ ተቀናቃኞቹን ማባረር ጀመረ። ከላይ የጠቀስኩት ኒው ፓሲፊክ ኦርደር የተወለደው ከዚያ ነው፤ በኋላ ነው ወደ ሳይበር ኔሽንስ የተሻገረው። የተባረሩት እውነተኛው መንግሥት እኛ ነን ይላሉ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ነው ያለው። ኤምባሲያችሁን ለማን ታስረክባላችሁ? ብዙዎች መጀመሪያ አወገዙ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ኤምባሲ ተለዋወጡ፣ ተጋበዙ፣ ለመዱ። ከዚያ ወዲህ በየትልልቁ ቀጠና በተነሣው መፈንቅለ መንግሥት ሁሉ ጥያቄው ያው ነው፤ መግለጫዎቹም በሚያስገርም ሁኔታ ያው ናቸው። መጀመሪያ "እጅግ አሳስቦናል"፣ ቀጥሎ "ሁኔታውን በቅርበት እየተከታተልን ነው"፣ በስተመጨረሻ ዝምታ።

በየቀኑ ታክሲ ውስጥ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ሲባል የሚሰማ ሰው ይህን ማንበብ ለየት ይልበታል። ጣልያን በ1936 አዲስ አበባን ሲይዝ ጥያቄው ይኸው ነበር። ብሪታንያ በ1938 ለወረራው እውቅና ሰጠች። ሜክሲኮ አልሰጠችም፤ አደባባዩም በስሟ ተጠራ። ከእኛ ውቅያኖስ ተሻግራ ያለች አገር፣ ጦር አልላከችም፣ ልታደርግ የምትችለው ነገር "አላውቀውም" ማለት ብቻ ነበር። ጌሙ ላይ ያነበብኳቸው ጥቂት ጥሩ መግለጫዎች እንዲህ ያሉ ናቸው፤ አጭር፣ ስሜት ያልበዛባቸው፣ "ይህን ተወካይ አናውቀውም" ብለው የሚያቆሙ። መጥፎዎቹ ሁለት ገጽ ናቸው።

ስለ ዓለም ጉባኤ ብዙ አልልም። ስሙ መጀመሪያ "የተባበሩት መንግሥታት" ነበር። በ2008 ጃንዋሪ እውነተኛው ድርጅት ስሜንና አርማዬን አትጠቀሙ የሚል ደብዳቤ ላከ፤ ስሙ የተቀየረው ኤፕሪል 1 ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው የቀኑ ቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ከመጣው ነገር ልብ የሚባለው ከ2009 ጀምሮ የጸጥታ ምክር ቤቱ ማውገዝ መቻሉ ነው። ውግዘቱ በአገራችሁ ገጽ ላይ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። ምን ሆነ መሰላችሁ? ወራሪዎች እንደ ሜዳልያ ለጠፉት። አንዳንዱ እንዲወገዝ ራሱ ቅስቀሳ ያደርጋል፤ የውሳኔ ሐሳቡን የሚያረቅለት ጎበዝ ጸሐፊ ይፈልጋል። ጥሩ ውግዘት ማለት ወንጀሉን አንድ በአንድ፣ በሚያምር ቋንቋ የሚዘረዝር ነው፤ ያ ደግሞ በትክክል ሙገሳ ነው። የፎካሪን ጠባይ የሚያውቅ ያገራችን ሰው አይደንቀውም፤ ገዳይ መባልን የሚፈልግ ሰው ፊት ገዳይ ነህ ብሎ መክሰስ ዋጋ የለውም። የጉባኤው ጸሐፊዎች ግን እስከዛሬ በዚያው ቋንቋ ይጽፋሉ።

"ጌም ነው እኮ" የሚለውን ክርክር ሳላነሣ ልለፈው ነበር፤ አልሆነልኝም። ሾን ስሚዝ የሚባል ሰው ነበር። ኢቭ ኦንላይን በተባለው የጠፈር ጌም ላይ "ቫይል ራት" በሚል ስም የታወቀ፣ ጉንስዋርም የተባለው ግዙፍ ኅብረት ዋና ዲፕሎማት። ኢቭ ላይ ጦርነት አለ፤ መርከብ ሲወድም በእውነተኛ ገንዘብ የሚተመን ኪሳራ ይደርሳል፤ ስለላና ክህደት የተለመዱ ናቸው። በዚያ ዓለም ውስጥ ጠላቶቹም ጭምር ሊያነጋግሩት የሚፈልጉት ሰው ነበር። የቀን ሥራው ደግሞ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የኮሙዩኒኬሽን ባለሙያነት ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 ቤንጋዚ ላይ፣ አምባሳደር ክሪስ ስቲቨንስ በሞተበት ጥቃት፣ እሱም ሞተ። በዚያ ሌሊት ከጌም ጓደኞቹ ጋር በጽሑፍ እያወራ ነበር። ቀጥሎ በነበሩት ቀናት ተጫዋቾች የጠፈር ጣቢያዎቻቸውን በእሱ ስም ቀየሩ፤ ሲዋጉት የኖሩትም ጭምር።

ይህን ታሪክ "ጌም ዲፕሎማት ያደርጋል" ለማለት የሚጠቀሙበት አሉ። አልስማማም። ሰውየው ሁለቱንም የሠራው ሰው የማናገር ተሰጥኦ ስለነበረው ይመስለኛል፤ ጌሙ ተሰጥኦውን አልፈጠረለትም። ደግሞ በእውነተኛው ሥራ ላይ ያለ፣ በጌሙ ላይ የሌለ አንድ ነገር አለ። የእኔ አገር "ሕዝብ" በሚሊዮን ይቆጠር ነበር፤ አንዱም አልራበውም፣ አንዱም ስደት አልወጣም፤ ቁጥር ነው። በዚህ ጌም አምባሳደር የሚወክለው ገጹ ላይ ያሉትን 10 እና 20 ተጫዋቾች ብቻ ነው፤ እነሱም ከደበራቸው ነገ ትተውት ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ጽሑፎቹ ስለ ክብር፣ ስለ ቃል መጠበቅ፣ ስለ ክህደት በጣም ጎበዝ የሆኑት፣ ስለ ዳቦ ግን አንድ መሥመር የሌላቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች አንብቤ አንድም ውል ድንበር ላይ ከብት ስለሚያጠጣ ሰው ሲያነሣ አላየሁም።

ሌላው ጉድለት መዝገቡ ነው። ቀጠናዎቹ የሚወያዩት ብዙውን ጊዜ ከጌሙ ውጭ በነፃ በተከፈቱ መድረኮች ላይ ነበር። ኢንቪዥንፍሪና ዜታቦርድስ የሚባሉት አገልግሎቶች ወደ ታፓቶክ ሲዛወሩ የብዙ ቀጠና ጽሑፍ ተበላሸ፣ ተቀላቀለ፣ ጠፋ። አሁን ሁሉም ዲስኮርድ ላይ ነው፤ እዚያ የተጻፈ ደግሞ ሰርቨሩ የተዘጋ ዕለት አብሮ ይሄዳል። የዚህን ዘውግ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ የሚያገኘው ውሎቹን ሳይሆን ስለ ውሎቹ የተደረገውን ጭቅጭቅ ነው።

ባለፈው ወር የእኛን ፈለግሁት። ዋናው ቅጂ የለም። የማኒላው ልጅ፣ አሁን አግብቷል፣ ጌሙንም ትቷል፣ ስልኩ ላይ የቀረ አንድ የስክሪን ፎቶ ላከልኝ። ሦስተኛው አንቀጽ ተቆርጧል፣ ፊርማዎቹም የሉም። አራተኛው ግን ይነበባል።